ትዕዛዝ ሲቆረስ

አንድ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በአርኤም ለማጥፋት ኮከብ (*) ጽፈው «የአርጉመንቱ ዝርዝር በጣም ረጅም ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ብዙዎች በአርኤም ያማርራሉ። አርኤም ግን ገና አልተነሳም። ኮከቧን ወደ ፋይል ስሞች የሚዘረዝረው ሼሉ ነው፤ ያን ዝርዝር ይዞ ፕሮግራሙን አስነሳልኝ ሲለው እምቢ የሚለው ደግሞ ከርነሉ። ሼሉ ውስጥ ያለው ኤኮ ያንኑ ኮከብ ያለ ችግር የሚያትመው አዲስ ፕሮግራም ስለማያስነሳ ነው። ሊኑክስ እስከ 2.6.23 ድረስ ለአርጉመንትና ለኢንቫይሮንመንት በአንድ ላይ 128 ኪሎባይት ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የስታኩን ገደብ ሩብ ይሰጣል፤ ስታኩ 8 ሜጋባይት ከሆነ 2 ሜጋባይት ማለት ነው። የሚቆጠረው ባይት ነው እንጂ ፊደል አይደለም፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ገደቡን ቶሎ ይሞሉታል።

የተለመደው መድኃኒት ኤክስአርግስ ነው፤ ዝርዝሩን በፓይፕ ተቀብሎ እየቆረሰ ትዕዛዙን ደጋግሞ ያስነሳል። መቁረሱ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ትዕዛዙ ተቆርሶም ያው ትዕዛዝ ሆኖ ይቀራል ወይ የሚለው ነው። አርኤም ይቀራል፤ በአንድ ዙርም በአሥርም ቢሠራ የሚጠፋው ያው ነው። አዲስ ማኅደር እንዲፈጥር የታዘዘ ታር ግን በየዙሩ የቀደመውን ማኅደር ደምስሶ እንደ አዲስ ይጽፋል፤ በመጨረሻ የሚገኘው የመጨረሻው ዙር ፋይሎች ብቻ ነው፣ አንድም የስሕተት መልእክት ሳይታይ። ከዚህስ የከርነሉ እምቢታ ይሻላል። ለታር መፍትሔው የስሞቹን ዝርዝር በአርጉመንት ሳይሆን በቲ አማራጭ (በትልቁ ቲ) ከፋይል ወይም ከፓይፕ እንዲያነብ ማድረግ ነው።

የስታኩን ገደብ ከፍ ማድረግ አይበቃም ወይ ይባል ይሆናል። ለዛሬ ይበቃ ይሆናል፤ ግን በአዳዲሶቹ ከርነሎች ጣሪያው 6 ሜጋባይት ነው፣ ፋይሎቹ ደግሞ ነገም ይበዛሉ። በፎር ሉፕ አንድ በአንድ መሄድም ለአርኤም ያስኬዳል፤ ዋጋው ለእያንዳንዱ ፋይል አዲስ ፕሮሰስ ማስነሳት ነው። ኤክስአርግስን የሚመርጥ ሰው ሌላም የሚጠነቀቀው አለ፦ «ደመወዝ መስከረም» የሚል አንድ ስም በባዶ ቦታው ለሁለት ይሰነጠቅና «ደመወዝ» የሚባል ሌላ ፋይል ካለ የሚጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ ፋይንድ ስሞቹን በኑል ባይት ለይቶ በፕሪንት-ዜሮ ይላክ፣ ኤክስአርግስም በዜሮ አማራጭ ይቀበል፤ የፋይል ስም ውስጥ ኑል ሊገባ አይችልምና። ይህ በሁሉም ሲስተም አይገኝም የሚለው ቅሬታ ድሮ እውነት ነበረው፤ ፖዚክስ ሁለቱንም በ2024 ደረጃው ውስጥ አስገብቷል። አሮጌ ማሽን ላይ ላለ ሰው ደግሞ ፋይንድ ራሱ ኤግዜክን በመደመር ምልክት ሲዘጋ ስሞቹን ያለ ፓይፕ ስለሚያሳልፍ መለያ የሚባል ነገር አያስፈልገውም፤ እሱም ግን ይቆርሳል፣ ታርን አያዋጣም።