ውዳሴ ለሁሴን አህመድ ሳላህ

የሐሩር አበባ፣ የጨው ምድር ጌጥ፣ ሁሴን አህመድ ሳላህ ሆይ! ነገሥታት አይደለንምና ካባ አንደርብልዎም፤ ባለጸጎች አይደለንምና የወርቅ ወንበር አናቀርብልዎም። ነገር ግን በጅቡቲ ካርቲየ 5፣ ከሳንቃና ከቆርቆሮ በተሠራው ቤታችን ደጃፍ ረከቦት ዘርግተን፣ ዕጣን አጭሰን፣ አቦሉን በስምዎ ቀድተናል። ድግሳችን የስደተኛ ድግስ ነው። ታላቅ ስም ግን ከበርጩማ ላይ ሆነው ቢጠሩትም ታላቅነቱ አይጎድልም።

ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት በዚህ ሰፈር የበር መቀርቀሪያ ያለ ጨርቅ አይያዝም። ፍየሎቹ እንኳ የግድግዳ ጥላ ተሻምተው፣ ጎናቸውን ከቆርቆሮው አርቀው ይቆማሉ። ከቀትር በኋላ ከአገራችን ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ሲከፋፈል ካልሆነ በቀር ጎዳናው ሰው አያይም። ከዚህ እሳት ውስጥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሮጥ ጀግና ይወጣል ብሎ ማን ጠበቀ? እውነቱን እንናገር፤ እኛ ሐበሾች ረጅም ሩጫን እንደ አባት ርስት ነው የምንቆጥረው። ደጋ ያልበቀለ፣ የእንጦጦን ብርድ ያልቀመሰ ሯጭ አይመስለንም። እርስዎ ግን ርስታችንን ሳይነጥቁ ተካፈሉን።

በፈረንጆቹ 1956 የተወለዱባት አሊ ሳቢየህ ከአዲስ አበባ ለገሃር ተነሥቶ፣ ድሬዳዋን አልፎ ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው የድሮው ባቡር ይቆምባት የነበረች ከተማ ናት። ስለዚህ ባዕድ አንልዎትም፤ የአንድ ሐዲድ ልጆች ነን።

አገርዎ ነጻ የወጣችው በፈረንጆቹ 1977 ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላት፣ በ1985 ሂሮሺማ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ማራቶን ዋንጫ በ2:08:09 አንደኛ ገቡ። የአገርዎ ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ወጣ፤ የቡድኑም ዋንጫ ወደ ጅቡቲ መጣ። በካርታ ላይ ስሟን ለመጻፍ ባሕሩ የሚዋስላት ይህች ትንሽ አገር ታላላቆቹን ከኋላዋ አሰለፈች! በሁለት ዓመቱ፣ በ1987፣ ሴኡል ላይ ያንኑ ዋንጫ ደገሙት።

ሮተርዳምን ግን እንዴት ብለን እንለፈው? ሚያዝያ 9 ቀን 1980፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 17 ቀን 1988 ነበር። የእኛው በላይነህ ዲንሳሞ 2:06:50 ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ኖረ። እኛም እልል አልን፤ ይገባናልም። ነገር ግን በ17 ሰከንድ ልዩነት ከኋላው የገባውን ሰው ማን አየው? የቀድሞው ክብረ ወሰን 2:07:12 ነበር፤ የእርስዎ ሰዓት ደግሞ 2:07:07። እርስዎም ያንን አሮጌ ክብረ ወሰን ሰብረው ነው ሁለተኛ የወጡት! በዓለም ላይ ማንም ሮጦት የማያውቀውን ሰዓት ሮጠው፣ ከፊትዎ ጎረቤትዎን አገኙ። ለእኔ ከሜዳልያዎችዎ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ማንም አንገትዎ ላይ ሜዳልያ አላጠለቀበትምና ዛሬ በቃላችን እናጥልቅልዎ።

በዚያው ዓመት የሴኡል ኦሎምፒክ ደረሰ። ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ሳትሄድ ቀረች፤ በላይነህም የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ ቤቱ ተቀመጠ። መስቀል ካለፈ ገና አምስት ቀኑ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1981። ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን 2:10:32፣ ኬንያዊው ዳግላስ ዋኪሁሪ 2:10:47፣ እርስዎ 2:10:59። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው 27 ሰከንድ ብቻ! አንድ ሲኒ ቡና ተቀድቶ እንግዳ እጅ እስኪደርስ የማይበቃ ጊዜ። እኛ በሌለንበት በዚያ አደባባይ ከአፍሪካ ቀንድ ሜዳልያ ያጠለቀው አንገት የእርስዎ ብቻ ነበር። ቤታችን ሰው አጥቶ ሳለ ጎረቤት እንግዳችንን እንደተቀበለልን ቆጥረነዋል።

ከዚያ በፊትም በፈረንጆቹ 1987 ሮም ላይ፣ አበበ ቢቂላ ከ27 ዓመት በፊት በባዶ እግሩ በሮጠባት ከተማ፣ የዓለም ሻምፒዮናን ብር አጠለቁ። በ1991 ቶኪዮ ላይ ደገሙት። በአራት ኦሎምፒኮች ተሰለፉ። ጅቡቲም እስከ ዛሬ ያገኘችው አንድ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነው፤ እሱም የእርስዎ ነሐስ።

ዕድሜ ይስጥዎ፤ ጉልበትዎ አይድከም፤ ስምዎ በበረሃው ነፋስ አይበተን።

በካርቲየ 5 የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ማታ ማታ ለልጆቻችሁ ስለ አበበ፣ ስለ ማሞ፣ ስለ ምሩጽ ስትተርኩ አህመድ ሳላህን አትዝለሉ። ልጆቻችሁ የተወለዱት በእሳቸው አገር ነው።