የፀሐይ ብርሃንና በውኃ የሟሟው ካርቦን፤ ስለ አንድ ጥናት የቀረበ ሒስ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ሮዝ ኮሪ፣ ኮሊን ዋርድ፣ ባይረን ክረምፕና ጆርጅ ክሊንግ የተባሉ አራት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አውጥተዋል። በሰሜን አላስካ ሐይቆችና ወንዞች ውስጥ የሟሟውን ኦርጋኒክ ካርቦን ይበልጡን የሚለውጠው ባክቴሪያ ሳይሆን የፀሐይ ብርሃን መሆኑን ገልጠዋል። ከዚህ ጽሑፍ አንዱን ቍጥር ብቻ ነጥሎ መያዝ ቀላል ስለሆነ፣ ቍጥሩ የሚለውንና የማይለውን መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ከበሰበሰ ቅጠልና እንጨት የሚወጣውን ነገር አሟሙቶ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ሻይ ቅጠል የፈላ ውኃን እንደሚያቀላ ሁሉ፣ ይህም ነገር የወንዙን ውኃ ቡናማ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ቀለም ብርሃንን ይውጣል፤ ይልቁንም አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር አጥብቆ ይውጣል። የተዋጠውም ኃይል ሞለኪዩሉ እንዲሰበር ምክንያት ይሆናል። ከዚያም ከካርቦኑ ከፊሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከፊሉም ባክቴሪያ በቀላሉ ወደሚመገባቸው ትንንሽ ሞለኪዩሎች ይለወጣል።

ይህ አሠራር በሞቃት አገርም ተፈትኗል። በ2009 በታተመ ጥናት የኮንጎ ወንዝ ውኃ ለ57 ቀን ብርሃን እንዲያርፍበት ሲደረግ፣ ከሟሟው ኦርጋኒክ ካርቦን 45 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል፤ ከእንጨት የሚመጣው ሊግኒን ግን ከ95 በመቶ በላይ ጠፍቷል። እንግዲህ ብርሃን ካርቦንን መለወጡ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ በብልቃጥ ውስጥ የታየው ነገር በሐይቁ ውስጥ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው።

የአራቱ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ምስጋና የሚገባው በዚህ ነው። ብርሃኑ ወደ ውኃው ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ በስሌታቸው አስገብተው የብርሃኑን ሥራና የባክቴሪያውን መተንፈስ በአንድ ሚዛን አነጻጽረዋል። ውጤታቸውም፣ ከገጹ እስከ ወለሉ ባለው ውኃ ውስጥ ከሚለወጠው የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ከ70 እስከ 95 በመቶ ያህሉን የሚለውጠው ብርሃን ነው የሚል ነው።

ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ሌላ ቍጥር አለ። በተፋሰሱ ጠቅላላ ሒሳብ፣ ብርሃን የሚለውጠው ካርቦን ከውኃዎቹ ወደ አየር ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር ሲሦ ያህል ብቻ ነው። ይህ መቃረን አይደለም፤ አካፋዩ ተለውጧልና። የመጀመሪያው ቍጥር በውኃው መካከል የሚሆነውን ብቻ ይመዝናል። ወደ አየር በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ግን በአፈር ውስጥ ተፈጥሮ ከውኃ ጋር የመጣውና ከሐይቁ ደለል የሚነሣውም አለበት። ደግሞም «መለወጥ» ሁልጊዜ ጋዝ መሆን አይደለም፤ በከፊል ብቻ ኦክሲጅን ያገኘውም ይቈጠራል። ስለዚህ «የውኃ ካርቦን አብዛኛው በፀሐይ ወደ አየር ይወጣል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ ያላለውን ያስብለዋል።

ሁለተኛው ነጥባችን ብርሃንንና ባክቴሪያን እንደ ሁለት ተፎካካሪዎች ማየትን ይመለከታል። ኮሪና ባልደረቦችዋ ራሳቸው በ2013 እንዳሳዩት፣ ለዘመናት በረዶ ሆኖ ከኖረ አፈር የወጣ ካርቦን አስቀድሞ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ባክቴሪያ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው መጠን በጨለማ ከቈየው ቢያንስ በ40 በመቶ ይበልጣል። ብርሃን ቈርሶ ባክቴሪያ ሲበላ፣ ሥራው የማን ነው ይባላል? እኛ እንደሚመስለን የሁለቱ ድርሻ ብቻ ሳይሆን መያያዛቸውም ሊለካ ይገባል።

ሦስተኛው፣ የአላስካውን ቍጥር ወደ ሌላ አገር መውሰድ ነው። በዚያው በ2014 በወጣ ሌላ ጥናት የ1086 የስዊድን ሐይቆች ሒሳብ ተሠርቶ፣ የብርሃን ድርሻ ከአገሪቱ ሐይቆች ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ሲሦና 12 በመቶ ብዙ ይራራቃሉ፤ አገሮቹ ግን ሁለቱም የሰሜን አገሮች ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥንቃቄው የበለጠ ነው። ፀሐያችን ዓመቱን ሙሉ ብርቱ ስለሆነ፣ ብርሃን በሐይቆቻችን የበለጠ ይሠራል ብሎ መገመት ይቀናል። የላንጋኖ ሐይቅ ግን ያስጠነቅቀናል። ውኃው ቡናማ ነው፤ ቀለሙ ግን በዋናው የመጣው ከሟሟ ቅጠል ሳይሆን በውኃው ውስጥ ከተንሳፈፈ ደቂቅ የማዕድን ብናኝ ነው። ብናኙም ብርሃኑን እየዋጠና እየበተነ ወደ ታች እንዳይወርድ ያግደዋል። ስለዚህ ብርቱ ፀሐይና ቡናማ ውኃ በአንድ ቦታ ቢገኙም፣ ብርሃን ብዙ ካርቦን ይሰብራል ለማለት አይበቁም።

በመሆኑም በዚህ ነገር ጥናት ለሚጀምሩ ጓደኞቻችን ሐሳባችን ይህ ነው። ውኃው አስቀድሞ ይጣራ፤ ብርሃን ካገኘው ናሙና አጠገብ በጨለማ የቈየ ይኑር፤ አልትራቫዮሌቱ በሐይቁ ውስጥ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ይለካ፤ በመቶኛ የሚጻፍ ቍጥር ሁሉ ከምን መቶኛ እንደሆነ ከጎኑ ይጻፍ። የሰሜኑ በረዶ እየቀለጠ አሮጌ ካርቦን ወደ ወንዞች በሚገባበት በዚህ ዘመን፣ ሒሳቡ በአካፋይ ስሕተት ቢበላሽ ጕዳቱ ለዓለም አየር በሚደረገው ትንበያ ላይ ይደርሳል።