መቅረት የሚታወቅበት ስብሰባ

በዋሺንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የሚኖሩ ወገኖቼ መጠጥ ለማቆም ቆርጠው ሲመጡ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «በአማርኛ የሚካሄድ ስብሰባ የለም ወይ?» ብለው ነው። ጥቂት ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «ደግሞ አበሻ እንዳይኖርበት» ይላሉ። ሁለቱም የልባቸው ነው። የሚያሳፍርን ነገር አፍ በፈቱበት ቋንቋ ካልሆነ መናገር ይከብዳል፤ በዕቁቡም፣ በሰንበቴውም፣ በልጆች ልደቱም የሚገናኘው ያው ሰው በሆነበት ደግሞ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። በሱስ አማካሪነት ሥራዬ ብዙ ጊዜዬን የሚወስደው ይህን ጭንቀት ይዞ ለመጣ ሰው ሄዶ የሚቀመጥበት ክፍል መፈለግ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም አለ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው በራሱ ጊዜ በአንዴ እንዳያቆም አጥብቄ እለምነዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅዠት ሊመጣበት፣ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ ሲከፋም ሊሞት ይችላል። ሐኪምን የሚተካ ስብሰባ የለም።

በአካባቢያችን በብዛት የሚገኙት የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በተለምዶ ኤ ኤ የምንላቸው ስብሰባዎች ናቸው። አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ የጀመሩት ነው። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም፣ ስምን ሙሉ መናገርም ግድ አይደለም። አንዳንዱ ስብሰባ ለማንም ክፍት ነው፤ አንዳንዱ ችግሩ ላለባቸው ብቻ ይዘጋል። እኔ የምገባው ክፍት ወደሆኑት ነው። ሰው ከመላኬ በፊት ሄጄ እቀመጣለሁ።

እዚያ ስቀመጥ ከንግግሩ ይልቅ የማየው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። አዲስ ሰው በር ላይ ሲያመነታ ወንበር የሚያሳየው አለ? ሲያበቃ ሁሉም ቁልፉን አንስቶ ወደ መኪናው ይሮጣል ወይስ ቡናው ዘንድ ይቆማል? የስብሰባዎች ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ገልብጦ ስልክ ቁጥሩን የሚጽፍለት፣ ለሴት ደግሞ ሴት የምትጽፍላት ከሆነ ያ ቡድን ለእኔ ጥሩ ነው። ንግግራቸው ማር ሆኖ እንግዳው ማንም ሳያናግረው የሚወጣበት ክፍል አለ፤ እዚያ ሰው አልልክም።

እንግሊዝኛው ለመስማት ከበቃው መጀመሪያ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ቢቀመጥ እመርጣለሁ። ተራው ሲደርስ «ዛሬ ልስማ» ብሎ ማለፍ ይችላል። የሰማውን ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራዋል። የሚናገረው ሲበረክት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን።

አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሾፌር ግን ገና አድራሻውን ሲያዩ «እህቴ፣ ሃይማኖቴን ሊያስለውጡኝ ነው?» አሉኝ። ብዙ ቡድኖች የሚሰበሰቡት በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስለሆነ ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። «ጋሼ፣ ቡድኑ ክፍሉን ይከራያል እንጂ የቤተ ክርስቲያኑ አይደለም» አልኳቸው። በአንዳንድ ቦታ መዝጊያው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አቡነ ዘበሰማያት በእንግሊዝኛ እንደሚሉም አስቀድሜ ነገርኳቸው። ለሙስሊም ደንበኞቼም ይህንኑ እነግራለሁ፤ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል፣ ሳይታወቅ ሲመጣ ግን ሰውን ያስበረግጋል። ስለ እምነት ምንም መስማት ለማይፈልግ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራው ስማርት ሪከቨሪ የተባለ ሌላ የመደጋገፊያ ስብሰባ አለ።

ጋሼ ሌላም ነገር ነበራቸው። «ሁዳዴን ሙሉ አልቀምስም፤ ምኑን ሱሰኛ ሆንኩ?» ይሉ ነበር። ይህን ከብዙዎች ሰምቻለሁ፤ ጾሙን አከብራለሁ፣ ግን የምጠይቀው ስለ ፋሲካ ማግስት ነው። እሳቸውም ሲጠየቁ ዝም አሉ። ማታ ስለሚነዱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጀምር ስብሰባ አገኘንላቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ቡና የማፍላቱን ተራ ወሰዱ፤ ቀድመው ደርሰው ትልቁን ማፍያ ውኃ ይሞላሉ፣ ተጣጣፊ ወንበሮቹን ይዘረጋሉ። አንድ ጠዋት ሲቀሩ ከቡድኑ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ደወሉላቸው። ጉንፋን ነበር። «ከሥራ ብቀር እንኳ እንዲህ የሚፈልገኝ የለም» አሉኝ።

ለእኔ ተስማሚ ስብሰባ የሚባለው እንዲህ የሰው መቅረት የሚታወቅበት ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ጥናቶች ተመርምረው፣ ባለሙያ ሰውን ከኤ ኤ ጋር በወጉ ሲያገናኘው ከመጠጥ ርቆ በመቆየት ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት ታይቷል። በወጉ ማገናኘት ግን አድራሻ ጽፎ መስጠት አይደለም። አንዱን ክፍል አይቶ «አልሆነልኝም» የሚለኝን ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ቡድን እንዲያይ እገፋዋለሁ፤ ሰዎቹ ስለሚለያዩ ቡድን ከቡድን በጣም ይለያያል።

ሚስቶችም ይደውሉልኛል፤ «ዛሬ ሄዷል?» ይላሉ። አልነግራቸውም። ይልቅ ለጠጪ ቤተሰቦች ከ1951 ጀምሮ ያለውን አል አኖንን እጠቁማቸዋለሁ፤ የባላቸውን መቅረት የሚከታተሉ ሌሎች ሰዎች ስላሉ እነሱ ያን ምሽት ስለራሳቸው ማውራት ይችላሉ።