ራሄል በትዕግስት ስም
ስለ «ቅፍርናሆም» ፊልም ለውይይት የቀረበ

የዛሬው ርዕሳችን ሰው ሳያውቀን አስቀድሞ የሚይዝብን ግምት ነው። ይህ ግምት በደመወዛችን፣ በስማችንና እርስ በርስ ባለን ኑሮ ላይ ምን ይሠራል? ነገሩን በደፈናው እንዳናወራው አንድ ፊልም ይዘን እንነጋገር። ፊልሙ «ቅፍርናሆም» ይባላል። ሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪ የሠራችው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። ስሙ ከወንጌል የምናውቀው ከተማ ስም ነው፤ ግን እዚያ አገር ሰው «ቅፍርናሆም» ሲል ዝርክርክ፣ ትርምስምስ ያለ ነገር ማለቱም ነው።

ታሪኩ ቤይሩት ውስጥ ነው። ዘይን የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ገደማ ያልኩት የልደት ወረቀት ስለሌለው ነው። ታናሽ እህቱን ገና ሕፃን ሳለች ሲድሯት ከቤት ይጠፋል። የሚያስጠጋው ሲያጣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ታስጠጋዋለች፤ ራሄል ትባላለች። መዝናኛ ቦታ በጽዳት ትሠራለች፣ ሕጋዊ ወረቀት የላትም፣ ዮናስ የሚባል ጡት ያልጣለ ልጅ አላት። እሷ ሥራ ስትሄድ ዘይን ዮናስን ይይዝላታል። አንድ ቀን ግን ራሄል ተይዛ ትታሰራለች፤ ሁለቱ ልጆች ብቻቸውን ይቀራሉ።

ከፊልሙ ሁሉ ያሰብኩበት ስለ ስሟ የሚያሳየውን ነው። ራሄል በተጭበረበረው መታወቂያዋ ላይ «ትዕግስት» ናት። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ፊቷ ላይ ጥቁር ነጥብ ስላላት፣ እኛ ማርያም የሳመቻት የምንለው ዓይነት፣ ራሄልም እሷን ለመምሰል ነጥቡን ፊቷ ላይ ትሥለዋለች። ልጇን ደግሞ ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ትደብቀዋለች። እዚያ የሚፈለገው የምታጸዳ እጅ ብቻ ነው፤ እናት መሆኗ የሚታወቅበት ቀን ሁሉን የምታጣበት ቀን ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሊባኖስ የኖራችሁ «ሲሪላንኪየ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። ትርጉሙ የስሪላንካ ሴት ማለት ነበር፤ ዛሬ የቤት ሠራተኛ ማለት ሆኗል። «የኛ ሲሪላንኪየ ኢትዮጵያዊት ናት» ሲባል የሚገርመው ሰው የለም። አገርሽ፣ ስምሽ፣ ትምህርትሽ ሁሉ በአንድ ቃል ይሰረዛል። ይሄ የአፍ ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሕግም አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ አድርጓል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ እንደ ሥራ ካልተቆጠረ፣ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀንም የማዳም ፈቃድ ይሆናል።

ራሄልን ሆና የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ራሷ ወረቀት ያልነበራት ናት፤ ፊልሙ እየተሠራ ሳለ በእውነት ታስራ ነበር። ስለዚህ እስር ቤት ውስጥ ስታለቅስ ስታዩ የትወና ብቻ አትመስላችሁም።

እስካሁን ያልኩት ምስጋና ነው። አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

አንደኛ፣ ፊልሙ «ሠራተኛ» የሚለውን ግምት ሰብሮ ሌላ ግምት ይተካል፤ «ሚስኪን» የሚለውን። ቃሉን በአረብኛም በአማርኛም ስለምንጋራው ክብደቱን ታውቁታላችሁ። ራሄል ታለቅሳለች፣ ትሸሻለች፣ ትለምናለች፣ ፀጉሯን ቆርጣ ትሸጣለች። እኛ የምናውቃት ሴት ግን እቁብ ትጥላለች፣ ወንድሟን ታስተምራለች፣ በማዳሟ አነጋገር ጓደኞቿን ታስቃለች፣ ትቆጣለች፣ ትሟገታለች። ይሄ የሕይወቷ ክፍል ፊልሙ ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው። ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል፤ ማዘን ከመናቅ አይሻልም ወይ? ይሻላል። ግን አስቡት፤ «ያ ሐራም፣ ሚስኪና» የምትል አሠሪ አሮጌ ልብስ ትሰጣለች። ፓስፖርት መልሺልኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ልውጣ ስትባል ግን ፊቷ ይለወጣል፤ ሚስኪን መብቷን አትጠይቅማ። ስታለቅሺ ብቻ የሚያምንሽ ሰው፣ ቀና ብለሽ ስትናገሪ «ጥጋበኛ» ይልሻል።

ሁለተኛ፣ ዘይን ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከሰው ወላጆቹን ነው፤ ለምን ወለዳችሁኝ ብሎ። የልጁ ቁጣ ይገባኛል። ነገር ግን ፊልሙ ራሄልን ከአንድ ከፊል ስም ጋር ያሰራትን ሥርዓት ችሎት አያቆመውም። ድሃ በወለደ ጊዜ ጥፋተኛ እሱ ነው የሚል ግምት ሳይነካ ያልፋል። ራሄልም ወልዳለች፤ በዚያው ሚዛን እሷም ልትከሰስ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ፊልሙን ትተን ወደ ራሳችን እንምጣ። ግምት የሚይዙብን እነሱ፣ ንጹሖቹ እኛ ነን ብለን ከተነሣን ውይይቱ አይጠቅመንም። መክተብ ውስጥ ደመወዝ የሚለየው በሥራ ሳይሆን በፓስፖርት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ግን ምክንያት ስንሰጥ ምን እንላለን? «ፊሊፒኖዎች ኩራተኞች ናቸው፣ እኛ ታዛዦች ነን» እንላለን። እውነቱ ሌላ ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ውጭ አገር ለሚሄዱ የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 400 ዶላር እንዲሆን ወሰነ። አሠሪ ሁሉ አከበረው ማለቴ አይደለም፤ ግን መደራደሪያ ሆናቸው። ልዩነቱ የመጣው ከተፈጥሮ ጠባይ ሳይሆን ከውሳኔ ነው። «ሀበሻ ትችላለች፣ ሀበሻ ዝም ትላለች» የሚለውን ሙገሳ እኛው ስንደግመው፣ ርካሽ ዋጋችንን በገዛ አፋችን እንፈርምበታለን።

ደግሞ ራሄል በሚቀጥለው ሳምንት ዮናስን አዝላ ይህ ክፍል በር ላይ ብትቆም እንዴት እንቀበላታለን? «ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የወጣች ናት»፣ «አባቱ ማን ይሆን?»፣ «እንደዚህ ያሉት ናቸው ስማችንን ያጠፉት» የሚሉትን ቃላት ከውጭ ሰው አልተማርናቸውም። ለምን ጠፋች? ደመወዝ ተከልክላ ይሆን፣ ተደፍራ ይሆን፣ ርቧት ይሆን፣ አልጠየቅንም። ግምት መጠየቅን ይተካል፤ ከሁሉ የሚጎዳውም በዚህ ነው። ወሬ የፈራች እህት ስትታመም አትነግረንም፤ ስትያዝ የምትደውልበት ቁጥር የላትም። ልጇን ማን ዘንድ እንዳስቀመጠች የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ልጁም እንደ ዮናስ ማንም ወደ ሸጠው ይሄዳል።

ዘይን ምንም የሌለው ልጅ ሆኖ ለሰው ሁሉ «ወንድሜ ነው» እያለ ዮናስን በመንገድ ይጎትተዋል። መጨረሻ ላይ አቅቶት አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ፊልሙ ይህን ሳይሸፋፍን ያሳያል። እኔ እሱን ከመፍረዴ በፊት፣ ብቻውን ባይተውት ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሦራና አብራም ስለ አጋር ሲነጋገሩ በስሟ አይጠሯትም፤ ባሪያ ነው የሚሏት። በስሟ የጠራት፣ ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ የጠየቃት በምድረ በዳ ያገኛት መልአክ ነው። የጠፋች ሠራተኛ ናት፤ ግን መጀመሪያ የቀረበላት ጥያቄ ነበር።

ለውይይት፦
1. አሠሪዎቻችሁ በምን ስም ይጠሯችኋል? በትክክለኛ ስማችሁ ለመጠራት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?
2. «ሀበሻ እንዲህ ናት» ተብሎ ከተነገረን ሙገሳ ውስጥ የጎዳን የትኛው ነው?
3. እኛ ስለ ሌላ አገር ሠራተኞች፣ ወይም ስለ ገጠር ልጆችና ጠፍተው ስለወጡ እህቶች የምንደግመው አንድ አባባል ምንድን ነው? እውነት መሆኑን በምን አወቅን?
4. በዚህ ወር ከመካከላችን የቀረች እህት ማን ናት? ማን ይደውልላታል? ስሟንና የሚደውልላትን ሰው ሳንጽፍ እንዳንለያይ።