እሳቸውን ወደድን፤ እሷንስ?

የአማርኛ ተውላጠ ስም ብዙ ነገር ያጋልጣል። በ2014 ዓ.ም. «እረኛዬ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በአርትስ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ወቅት በየቢሮው፣ በየታክሲውና በየስልኩ ይወራ የነበረውን ያስታወሰ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። «እማማ ቸርነት እንዲህ አሉ እኮ!» ይባል ነበር። ወረድ ብሎ ደግሞ፣ «ድርብወርቅ እንዴት አድርጋ ሠርታዋለች!» ይባላል። የሚወራው ስለ አንዲት ሴት ነው፤ የተሰጧት ተውላጠ ስሞች ግን ሁለት ናቸው። በደራስያን ብዕር የተፈጠሩት የገጠር እናት «እሳቸው» ሲባሉ፣ ሥጋና ደም ያላት አርቲስት ድርብወርቅ ሰይፉ «እሷ» ትባላለች።

«እሷ» ማለት ንቀት ነው ለማለት አይደለም። ለአርቲስት «አንቺ» የፍቅርና የቀረቤታ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ክብሩ ወደየት እንደሄደ መጠየቅ ይገባል።

ነገሩ ለሽበት የሚሰጥ ወግ ብቻ እንዳይመስለን ተቃራኒውን እናንሳ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት ታይቶ በ2006 ዓ.ም. ያበቃውን «ሰው ለሰው»ን ያየ ሁሉ አስናቀን ያውቃል። አስናቀ ባለ ገንዘብ፣ ጎልማሳ፣ ትልቅ ሰው ነበር። ነገር ግን «አስናቀ እንዲህ አደረጉ» የሚል ተመልካች ማግኘት ይቸግራል። ለእርሱ «አደረገ» ይበቃዋል። አንቱታው የተቀመጠው ለአንጋፋው ተዋናይ ለአቶ አበበ ባልቻ ነው። መንገድ ላይ «አስናቀ!» ብሎ የሚጣራ አይጠፋ ይሆናል፤ ሆኖም ጨዋታው ረጋ ሲል ሁሉም የሚስማማበት ነገር አንድ ነው፦ ሰውየው ችሎታ አላቸው።

እንግዲህ ፍርዳችን እንዲህ ነው። ክፋትን የተጫወተውን ሰው «ችሎታ ነው» እንለዋለን፤ ደግነትን የተጫወተችውን ግን «ተፈጥሮዋ ነው» ብለን እናልፋለን። ክፉው ከተዋናዩ እንዲለይ እንፈልጋለን፤ ደጓ እናት ግን ከተዋናይቷ እንድትለይ አንፈልግም። በዚህም ምክንያት ከዋናው ታሪክ ጎን የቆመች፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የምትታይ ደግ ገጸ ባሕርይ እጅግ ትወደዳለች፤ የገነባቻት የእጅ ሥራ ግን አይታይም።

የጎን ገጸ ባሕርይን መውደድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ታሪክ ነው። ይሁንና ከመጽሐፉ ወጥቶ የሰፈር ቃል የሆነው የጉዱ ካሣ ስም ነው። አፈንግጦ እውነት የሚናገር ሰው ሁሉ «ጉዱ ካሣ» ይባላል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ አድማጩ ገጸ ባሕርያቱን ወደደ፤ ተራኪውንም ወደደ። እስከ ዛሬ «የወጋየሁ ትረካ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ገጸ ባሕርይንና ባለሙያን አብሮ መውደድ ይቻላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ልማድ ደግሞ እንይ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ ለአዘጋጆቹ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ደርሷል። ይህ ሁሉ ሰው ወረቀት ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ የጻፈ ነው። ዛሬ በስልኩ «ምነው እማማ ቸርነትን ዛሬ አላሳያችሁንም?» የሚል ተከታታይ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የዚያው ደብዳቤ ጸሐፊ ልጅ ነው።

ጨዋታው ከግቢ ወደ ስልክ እንዴት እንደገባ ለማየት ልደታን ብቻ መመልከት ይበቃል። በቀድሞዎቹ የቀበሌ ቤቶች አንድ ቴሌቪዥን ለብዙ ጎረቤት ይበቃ ነበር። ልጆች ወለሉ ላይ፣ ትልልቆቹ አልጋው ጫፍ ላይ፣ የቀረው በር ላይ ቆሞ ያያል። አስተያየት የሚሰጠውም እዚያው፣ ድራማው መሐል ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲቆም ሁሉም በየበሩ ቁልፍ፣ በየሳሎኑ ቴሌቪዥን አገኘ። ሲያዩ የሚያወሩት ሰው ግን አጠገብ አልነበረም። ወሬው ወደ ስልኩ የተሰደደው ያኔ ነው።

ስደቱ ያመጣው ትርፍ አለ። የግቢው አስተያየት ሌሊቱን ጠፍቶ ያድር ነበር፤ የስልኩ ይቀራል። ከአርባ ደቂቃ ድራማ ውስጥ አንዲት ደቂቃ ተቆርጣ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ይህ አሠራር የጠቀመው ከሁሉ በላይ የጎን ገጸ ባሕርይን ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የተሰጣት እማማ ከዋናው ታሪክ ተነጥለው የራሳቸው ሕይወት አገኙ። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። መቀሱ ንግግሩን ይወስድና ዝምታውን ይተዋል። በስልክ የሚዞረው አባባሉ ነው፤ ከአባባሉ በፊት የነበረው ትንፋሽ፣ ከአባባሉ በኋላ ወደ መሬት የወረደው ዓይን እምብዛም አይዞርም። ትወናው ያለው ግን እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው እናውራ። ደራስያኑ አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ ለእማማ ቸርነት የሰጡት ቋንቋ የሚጣፍጥ ነው፤ አንዳንዴ ግን ይበዛል። ባፈፏ ቁጥር ምክር የሚወጣት ገጸ ባሕርይ ለማንኛዋም ተዋናይት ወጥመድ ናት። ትንሽ ካዘነበለች ሰባኪ ትሆናለች። ድርብወርቅ ከወጥመዱ የዳነችው ድምጿን በማሳነስ ነው። ሌላው ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት ቦታ እሷ ዝቅ ታደርጋለች። ምክሩን ለካሜራው ሳይሆን ለራሷ የምትናገረው ይመስላል፤ ቃሉም ተጠንቶ የመጣ ሳይሆን ገና አሁን የታሰባት ይመስላል። ሁለተኛው ጉዳይ አነጋገሯ ነው። በከተማ ቀልድና ድራማ የገጠር አነጋገር በአብዛኛው ለሳቅ ይቀርባል፤ የባላገር ቃና ሲሰማ ተመልካቹ ቀድሞ ጥርሱን ያዘጋጃል። እሷ ያንኑ ቃና ይዛ መጥታ የአዲስ አበባን ሰው አስቆመችው፤ አዳመጠ፤ «አሉ» ማለት ጀመረ። ያ «እሳቸው» እንግዲህ ከሰማይ አልወረደም፤ አንዲት ባለሙያ ሠርታ ያመጣችው ክብር ነው።

እኛ ለዚህ ሥራ ያወጣንለት ስም «ረዳት ተዋናይ» ነው። ረዳት ሲባል ደግሞ ቶሎ የሚታሰበን የታክሲው ረዳት ነው፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሒሳብ የሚቀበለው፣ መኪናውን የማይነዳው። በውጭው ዓለም ኦስካር እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ሥራዎች ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ትወና የተለየ ሽልማት ሲሰጥ የኖረው ሥራው ራሱን የቻለ ጥበብ ስለሆነ ነው። በእኛ አገር መደበቁ ጫፍ የደረሰው በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር ይመስለኛል። የቱርኮቹን ፊት አገሩ ሁሉ ለየ፤ በዚያ ፊት ላይ አማርኛ የዘሩትን ድምፆች ባለቤት በስም የሚጠራ ተመልካች ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ይጎዳል? ፍቅሩ እስካለ ድረስ የስሙ ነገር ምን ያደርጋል? የሚል አይጠፋም። የሚጎዳው እንጀራ ነው። ተዋናይ የሚኖረው በሚቀጥለው ሥራ ነው። የሕዝቡ ፍቅር ገጸ ባሕርይዋ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ፕሮዲውሰሩም የሚፈልገው ገጸ ባሕርይዋን ነው። ነጠላ ያጣፋች ሌላ ደግ እናት፣ ከዚያም ሌላ ደግ እናት ይዞ ይመጣል። ተመልካቹ «ያው እማማ ቸርነት ናት» ብሎ ይሰለቻል፤ መሰላቸቱም የሚቆጠረው በእሷ ነው። መወደዷ ራሱ መታሰሪያዋ ይሆናል። ፍቅሩ ባለሙያዋን የሚከተል ከሆነ ግን ደራሲው ይደፍራል። ነገ በልደታ ችሎት የተቀመጠች፣ ፊቷ የማይፈታ ዳኛ ሆና ብትመጣ ሰው «ይቺን ደግሞ እንዴት ትሠራት ይሆን?» ብሎ ይጠብቃል እንጂ «እማማን ምን ነካቸው?» ብሎ አይቀየምም።

በእርግጥ የተከታታዮችን ጉልበት ማቃለል አይገባም። እኛ ሂስ ጸሐፊዎች ዋናውን ተዋናይና ደራሲውን አንስተን ስንጥል፣ በጥቂት ደቂቃ የታየችን ሴት ለቅመው ያወጧት እነሱ ናቸው። ዓይናቸው ከእኛ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የጎደለው ትንሽ ነገር ነው። አባባሏን የሚያዞር ሰው ከሥሩ ስሟን ይጻፍ። መድረክ ላይ ስትመጣ ቲኬት ይቁረጥ። ሌላ ገጸ ባሕርይ ይዛ ስትመጣም ይያት፤ ካልተዋጣላትም አልተዋጣላትም ይበል፤ ባለሙያን ማክበር ይህንንም ይጨምራልና። የሂስ ጸሐፊውም ድርሻ ከዚህ አያንስም፤ «ግሩም ናት» ከማለት አልፎ ድምጿን የት ላይ ዝቅ እንዳደረገች፣ ለምንስ እንዳደረገች መጻፍ አለበት።

እማማ ቸርነት ያሉትን ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል። ድርብወርቅ ሰይፉ ያደረገችውን ግን ገና አልተነጋገርንበትም።