ተረቱን የሚያውቅ ልጅ መጽሐፍ ሲከፍት

ቢቸናና ሞጣ ውስጥ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ፊደል ባይለይም አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን ከምድጃ ዳር ያውቃቸዋል። ሥዕል ያለበትን የተረት መጽሐፍ የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ከ231 ፊደላት ጋር ለሚታገል ተማሪ ታሪኩ አዲስ አለመሆኑ ግማሹን ሸክም ያቀልለታል፤ ሥዕሉ ቀጣዩን ቃል ያስገምተዋል፣ ፊደሉ ግምቱን ያርመዋል። ኅትመት የተራኪውን ድምፅ ያደርቃል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ግን የምሥራቅ ጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ሲያሳትሙ ርዕሱ ራሱ የአፍ ጥሪ ነበር። መምህሯ ገጹን ከመግለጧ በፊት «ተረት ተረት» ካለች፣ ክፍሉ «የላም በረት» ማለቱ አይቀርም። ጦጢት አታልላ ስታሸንፍ ልጅ ምን ይማራል? ለሚለውም መልሱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፦ ልጆቹ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ ቀስረው ይከራከሩባት።