ዘፈናችንን የገደለው ኪቦርድ አይደለም

ከሚኒያፖሊስ፣ ሚነሶታ

የእኛ ዘመን ሰዎች በተገናኘን ቁጥር፣ ሠርግ ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ጨዋታው ወደ ዘፈን ከዞረ ክሱ አንድ ነው። የዛሬ ልጆች ዘፈን የማሽን ጩኸት ነው፤ ጡሩምባው የታለ፣ ሳክስፎኑ የታለ፣ ይባላል። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ስም እንደ ዳዊት ይደገማል። በጥላሁን፣ በብዙነሽና በማሕሙድ ድምፅ ያደገ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብሆን ዛሬ ከሚወጣው ዘፈን አብዛኛውን እስከ መጨረሻው አልሰማውም። ነገር ግን የተከሰሰው ሌላ፣ ያጠፋው ሌላ ነው ባይ ነኝ። ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ዘፈን የሚገድሉ ቢሆኑ ኖሮ እኔ የምኖርባት ከተማ ዘፈን ባልኖራት ነበር።

ሚኒያፖሊስን ዓለም የሚያውቃት በብርዷና በፕሪንስ ነው። «የሚኒያፖሊስ ድምፅ» የሚባለው አጨዋወት ዋና መታወቂያው፣ የጡሩምባና የሳክስፎኑን ቦታ ለኪቦርድ መስጠቱ ነው። በ1980 ለገበያ የቀረበው ሊን የተባለው የከበሮ ማሽን በፕሪንስ እጅ የከተማዋ የልብ ትርታ ሆነ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰውየው በ1978 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ መሣሪያዎቹን ሁሉ የተጫወተው ብቻውን ነበር። እንግዲህ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ አንድ ወጣት በኮምፒዩተሩ የሚሠራውን፣ እሱ ያኔ ሠርቶታል ማለት ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

«ፐርፕል ሬይን» የተሰኘው ታዋቂ ዘፈኑ መሠረቱ የተቀዳው ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። ነሐሴ 3 ቀን 1983 መሐል ከተማ ፈርስት አቨኑ በተባለው የምሽት ክበብ፣ ድሮ የአውቶቡስ መናኸሪያ በነበረ ቤት፣ ዘፈኑን ሰምቶት በማያውቅ ሕዝብ ፊት ከነባንዱ ሲጫወት ነው የተቀዳው። ብቻውን መሥራት የሚችል ሰው ሥራውን ሰው ፊት አውጥቶ አስፈተነ። ነገሬ ይኸው ነው።

ከራሳችን ወገን ከዚህ የበለጠ ምስክር አለ፤ ኃይሉ መርጊያ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ካሴት ቀዳ። ባንድ የለ፣ ጡሩምባ የለ። ከሣሾቻችን እንደሚሉት ቢሆን ይህ ካሴት የጥፋታችን መጀመሪያ በሆነ ነበር። ግን በ2013 እንደገና ታትሞ የፈረንጅ ወጣት ሁሉ ሲሰማው፣ እኛም «ለካስ ይህን የመሰለ ነገር ነበረን» ተባባልን። ያ ማሽን እንደዚያ ያማረው ለምንድን ነው? ቁልፉን የሚነካው ጣት ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሌሊት ሌሊት የሠራ ጣት ስለሆነ ነው። በዘመነ ደርግ ሰዓት እላፊ ነበርና ሆቴሉ የገባ ታዳሚ ሳይነጋ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ተጫዋቹም ያንን ሰው እስኪነጋ ሳያሰለች ማቆየት ነበረበት። ሰዓት እላፊ ክፉ ነገር ነው፤ ስንቱ የምሽት ቤት በሱ ምክንያት እንደተዘጋ የምናውቅ እናውቃለን። የተረፉት ሙዚቀኞች ግን በየሌሊቱ ተፈተኑ።

የዛሬው ዘፈን ያጣው ይህን ፈተና ነው። ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ዳኛ የተመልካች ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ፊቱን አያጨማድድም፣ መሐል ላይ ተነሥቶ ቢራ ሊያመጣ አይሄድም። ብዙዎቹ ዘፈኖች ከመጀመሪያው አዝማች እስከ መጨረሻው ያው ምት፣ ያው ኪቦርድ የሚሆኑት ለዚህ ይመስለኛል። ሲሠሩ የሰለቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። (ማሽኑንም ፍጹም ንጹሕ ነው ብዬ አልምልለትም። ድምፅን የሚያርመው ኮምፒዩተር፣ አዝማሪ በጉሮሮው የሚያጥፈውንና የሚያንሸራትተውን ድምፅ እንደ ስህተት ቆጥሮ ያቃናዋል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ሲደረግማ ጆሮ ያማል።)

ወደ ውጭው ኑሯችን ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። መንትዮቹ ከተሞች ውስጥ ኮንሰርት ሲባል ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ፖስተሩ ላይ አምስት ከለር፣ ትኬቱ ላይ «በ9 ፒኤም ይጀምራል» ይላል፤ ዘፋኙ የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። መድረኩ ላይ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች አለ፤ ከበሮውና ቤዙ ግን ከኮምፒዩተር ነው የሚለቀቀው። አዘጋጁ ቢጠየቅ ሒሳቡን ያወራል፤ የስድስት ሰው ቪዛ፣ የስድስት ሰው አውሮፕላን፣ የስድስት ሰው ሆቴል። ሒሳቡ እውነት ነው። ውጤቱ ግን ዘፋኙ ከተማ በዞረ ቁጥር ዘፈኑ አለማደጉ ነው። ዳላስ የተዘፈነው እዚህም ያው ነው፣ ምክንያቱም የተቀዳ ከበሮ ሕዝቡ ሲሞቅ አይሞቅም።

የሚያጽናና ነገር የለም ማለት አይደለም። ሮፍናን ኑሪ በ2018 «ነፀብራቅ»ን ሲያወጣ ማሽኑን አልሸሸም፤ እንዲያውም ሙሉ በሙሉ ተቀበለው። ከዚያ በፊት ግን ዲጄ ሆኖ ሰው ሲጨፍርና ሲቆም በዓይኑ እያየ ነው የቆየው። ስለዚህ ምቱን መቼ እንደሚቆርጠው ያውቃል። ሃጫሉ ሁንዴሳም አለ። ለፍርድ የሚያስቸግረን ወገኖች ብዙ መሆናችንን አውቃለሁ። ፖለቲካውን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና፣ አምቦ ያደገው ይህ ልጅ የመጀመሪያ አልበሙን ግጥሞች የጻፈው እስር ቤት ነው፤ አልበሙ የወጣው በ2009 ነው። ዘፈኖቹ ሕዝብ ፊት ተዘፍነው ሕዝብ መልሶ የዘፈናቸው ናቸው። ሰኔ 29 ቀን 2020 ሲገደል እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያለው የኦሮሞ ወገን አደባባይ ወጣ። አማርኛ ዘፋኞቻችን ያልሠሩትን ምን ሠርቶ ነው ብሎ መጠየቅ የሙዚቃ ጥያቄ ነው፤ ልንሸሸው አይገባም።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም የሚያስቀና ሥራ ሠርተዋል። ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ያለው የሴዳር የባህል ማዕከል፣ ከአውግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ2014 ጀምሮ «ሚድኒሞ» በሚል ስም የሶማሌ ሙዚቀኞችን አስመጥቷል። ለአንድ ሌሊት ዘፍነው እንዲሄዱ አይደለም። ከተማው ውስጥ ሰንብተው፣ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ከዚህ አገር ተጫዋቾች ጋር ተለማምደው በመጨረሻ መድረክ ላይ ይወጣሉ። አር ማንታ የተባለው ዘፋኝ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ያ አዳራሽ ከእኛ ምግብ ቤቶች ብዙ አይርቅም፤ ከዩኒቨርሲቲ ጎዳና በባቡር ይደረሳል። የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን በሚቀጥለው አዲስ ዓመት ለአንድ ሌሊት የሚከፍሉትን ገንዘብ፣ አንድ ክራር ተጫዋችና አንድ ከበሮ መቺ ለሦስት ሳምንት ቢያሰነብቱበት ምን ይላሉ? እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ጊታርና ሳክስፎን በትምህርት ቤት እየተማሩ ነው። አብሯቸው የሚጫወት ሰው ነው ያጡት።